ጓሮዬ የእኔ ነው የጅረቷ? የ100 ጫማው ክልል ጉዳይ

ባለጓሮው

ሰላም የወንዜ ልጆች፤ ዛሬ ቃሉ በቁሙ ነው፣ ስለ ወንዝ ላወራችሁ ነው።

ያለሁት ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ጉዳዩ ገና ስላላለቀ ካውንቲውን (የአስተዳደር ወረዳውን) አልጠራም። ቤቱን ከገዛን አራት ዓመት ሆነን። ጓሮው ጫፍ ላይ ጅረት አለች፤ ጅረት አልኩ እንጂ ድመት ትዘላታለች። ዳሯን ሐረግና እሾህ ወርሶት መግቢያ አልነበረውም። ኤፕሪል ላይ ከወንድሜ ጋር ሁለት ቅዳሜ ዘምተን መነጠርነው፤ አምስት ዛፍም ቆረጥን። ለቡናና ለወር ማኅበር የምትሆን ጎጆ ላቆም አስቤ ለወለሏ ኮንክሪት አፈሰስኩ። ከጎኗ ጎመንና ሦስት ችግኝ ጌሾ ተከልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ኢንስፔክተር መጣ፤ ከእሱ ቀጥሎ ወረቀት። ሥራው ይቁም፣ ኮንክሪቱ ይነሳ፣ በተቆረጡት ምትክ የአገሩ ዝርያ የሆኑ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች በፕላን ይተከሉ ይላል። ምክንያቱ ከጅረቷ ጠርዝ እስከ 100 ጫማ ያለው የተጠበቀ ክልል ስለሆነ ነው። በካርታቸው ከቤቴ የኋላ ግድግዳ እስከ ውኃው 112 ጫማ ነው። አስሉት እንግዲህ።

የቤት ታክስ የምከፍለው ለ12 ጫማ አይደለም። ሣሩን የማጭደው እኔ፣ ቅጠሉን የምጠርገው እኔ፣ ሰው አዳልጦት ቢወድቅ የምከሰሰው እኔ። ጎጆ ላቁምበት ስል ግን የጅረቷ ሆኖ ተገኘ። የደረሰበት ሰው አለ? ደግሞስ ትክክል ነው?

ዝምተኛው

ጌሾው ፀደቀ?

ባለጓሮው

ፀድቋል። እስካሁን ፈቃድ ያልጠየቁኝ ለእሱ ብቻ ነው።

የቤት ደላላዋ

ሥራዬ ቤት ማሻሻጥ ስለሆነ ስድቡን ቀድሜ ልዋጠው።

ወንድሜ፣ ቤቱን ስትገዛ ከፈረምካቸው ወረቀቶች አንዱ የሻጭ መግለጫ ነው። ቨርጂኒያ “ገዥ ይጠንቀቅ” በሚለው የምትሄድ ስቴት ናት፤ መግለጫው በአመዛኙ ሻጩ የማያረጋግጣቸውን ነገሮች ነው የሚዘረዝረው። ከነዚያ አንዱ ንብረቱ በቼሳፒክ ቤይ (የጅረቶቻችን ውኃ የሚገባበት የባሕር ወሽመጥ) ጥበቃ ሕግ የተከለለ ቦታ ውስጥ መሆን አለመሆኑ ነው። ገዥው ራሱ ያጣራ ይላል። ፈርመሃል። ሁሉም ይፈርማል። ያነበበው አንድ ደንበኛ ብቻ ገጥሞኛል፣ እሱም ጡረታ የወጣ መምህር ነበር።

አዲስ አበባ ቤት ስንገዛ መጀመሪያ “ካርታ አለው?” እንላለን። እዚህም ጠይቁ፤ ካርታው ግን ሌላ ነው። ካውንቲዎቹ ክልሉ የተሳለበት ካርታ ኢንተርኔት ላይ አላቸው፣ አድራሻ ማስገባት ብቻ ነው። ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡት። ደላላችሁ ካላሳየችሁ ደላላ ቀይሩ፤ እኔም ብሆን።

ትርፍ ቤት

ልጄ፣ ይሄ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም።

በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ለጡረታዬ ትሆነኛለች ብሎ በብድር የሠራት ሁለተኛ ቤት ነበረችው። በሬዲዮ ተነበበ፣ በቃ፤ ቤቲቱ “ትርፍ ቤት” ሆነች። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያች ቤት ደጅ አላለፈም፤ ዙሮ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። እኔ እዚህ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቼ ቤት የገዛሁት “የእኔ” የምለው ነገር ልይዝ ነው። ዛሬ 100 ጫማ ይሉሃል፣ ነገ 200። ሲጀመር ሁልጊዜ ለሕዝብ ጥቅም ነው። እንዳትለቅላቸው።

መሐንዲሱ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሁለቱ አይገናኙም። ያኔ የአባትዎን ቤት ወሰዱት። የልጁን ጓሮ ግን ማንም አልወሰደውም፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል፣ በር ዘግቶ ሌላ ሰው እንዳይገባ ያደርጋል። የተከለከለው መመንጠርና መገንባት ነው።

ሥራዬ የጎርፍ ውኃ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ይሄ የቼሳፒክ ቤይ ሕግ የስቴቱ ነው፣ በፈረንጆቹ 1988 የወጣ። የሚሠራው በምሥራቁ የቨርጂኒያ ክፍል ነው፤ ፌርፋክስም፣ አርሊንግተንም፣ አሌክሳንድሪያም፣ ፕሪንስ ዊሊያምም ውስጡ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ጅረት በግራና በቀኙ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ግድም፣ እፅዋቱ እንዳለ ይቀመጥለታል። ለምን 100 ሆነ? ደንቡ ራሱ ይህን ያህል ስፋት ያለው እፅዋት የለበሰ ቦታ ደለሉን በ75 በመቶ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱን በ40 በመቶ እንደሚቀንስ አድርጎ ይቆጥረዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቅጠልና ብስባሹ የዝናቡን ጉልበት ይሰብረዋል፣ ውኃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ ሥሩ የዳሩን አፈር ጨብጦ ይይዛል፣ አፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ይጨርሱታል። ፎስፈረስ የሚጓዘው በአብዛኛው አፈር ላይ ተጣብቆ ስለሆነ አፈሩ ከቀረ እሱም ይቀራል። ያ ሁሉ አልፎ ቤዩ ከደረሰ አልጌ ያብባል፤ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ዓሣውና ሸርጣኑ ያልቃል። ውኃው ወደዚያ የሚፈሰው ከስድስት ስቴቶችና ከዲሲ ነው፣ 64,000 ስኩዌር ማይል። ድመት የምትዘላት ጅረትህ ከዚያ ውስጥ ናት።

አሁን ለጉዳይህ የሚጠቅም ነገር። አንደኛ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው ካርታ ግምት ነው፤ የሚጸናው መሬት ላይ ተለክቶ የሚገኘው ነው። ሁለተኛ፣ ጅረቷ በደረቅ ወራት ጨርሳ የምትቋረጥ ከሆነች “ዓመቱን ሙሉ የምትፈስ” አይደለችም፤ ያኔ 100 ጫማው ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ባለሙያ አስጠና። ሦስተኛው ደግሞ የሚያስቅ ነው፦ ያለውን ቤትህን ወደ ኋላ ለማስፋት ብትጠይቅ ነገሩ ያለ ሕዝብ ስብሰባ ቢሮ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ለብቻዋ የቆመች ጎጆ ግን ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት አስተያየት ሰጥቶ ነው የሚወሰነው። በጎጆዋ ፈንታ በረንዳ ብታስብ ይሻል ነበር።

ትርፍ ቤት

አንተ መሐንዲስ፣ ጥሩ ተናገርክ። አንድ ልጠይቅህ። ፌርፋክስ ይሄን ደንብ ያወጣው መቼ ነው? ስንት ጊዜስ አሰፋው?

መሐንዲሱ

በ1993 አጸደቀ። በ2003 ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱትን ጅረቶች በሙሉ እንዲያካትት አሰፋው። ያኔ ብዙ ሰው ተኝቶ ሲነሳ ጓሮው ክልል ውስጥ ገብቶ አገኘው።

ትርፍ ቤት

በቃ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

የቁልቁሏ

እኔ ከናንተ በታች ነኝ። ከማን በታች እንደሆንኩ አላውቅም፤ ግን ከአንዳችሁ በታች ነኝ።

ጁላይ 8 ቀን 2019 ጠዋት የዘነበውን ዝናብ የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በአንድ ሰዓት ከ3 ኢንች በላይ ተለካ። ከቤቴ ጀርባ ያለችው ጅረት ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚት አታረጥብም። ያን ዕለት ቤዝመንቴ ገባች። የእናቴን ሙሽራነት ፎቶግራፎች፣ ከአገር ይዤ የመጣሁትን መሶብ፣ የልጄን አልጋ በላች። ኢንሹራንሱ ጎርፍ አይመለከተኝም አለ። አብዛኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም፤ ለብቻው ነው የሚገዛው፤ እኔም ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

አንተ አምስት ዛፍ ቆረጥኩ ስትል እኔ የምሰማው ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ፣ ተቆጥቼ አይደለም። ጎረቤት አመልክቶብህ ከሆነ ግን ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል።

ባለጓሮው

እታለም፣ ስለ ደረሰብሽ አዝናለሁ። ከልቤ ነው።

ግን አንድ ተረት አለን፣ ታውቂዋለሽ። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ይጠጡ ነበር። ጅብ “ውኃውን አደፈረስሽብኝ” አላት። አህያም ወንዝ ሽቅብ እንደማይፈስ ታውቃለችና “ሳታመካኝ ብላኝ” አለችው።

ከእኔ ጅረት በላይ ግማሽ ማይል ሄጄ አየሁ። የገበያ ማዕከል አለ፤ አስፋልቱ ስንት የኳስ ሜዳ እንደሚያህል እናንተ ገምቱት። በዝናብ ጊዜ የዚያ ሁሉ ውኃ በአንድ ትልቅ ቱቦ ወደ ጅረቷ ይወረወራል። ቱቦው አፍ ላይ ዳሩ ተገምሷል፣ የዛፎቹ ሥር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። እዚያ ማን ወረቀት ላከ? ቤዝመንትሽን ያጥለቀለቀው የእኔ ጌሾ ነው እንዴ?

መሐንዲሱ

እዚህ ላይ እጅ እሰጣለሁ። የአስፋልቱ ነገር እውነት ነው። እነዚያ የገበያ ማዕከላት ብዙዎቹ የተሠሩት ውኃ የማጠራቀም ግዴታ ሳይመጣ በፊት ነው። በከተማ ጅረቶች ውስጥ ያለው ደለል ብዙው ከማንም ጓሮ ታጥቦ የመጣ አይደለም፤ የጅረቱ የራሱ ዳር በጎርፍ ተገምሶ የወረደ ነው። እፅዋት የለበሰው ክልል በጎን የሚመጣውን ያጣራል፤ በቱቦ የሚመጣው በላዩ ዘሎት ነው የሚያልፈው።

አኮቲንክ የሚባለውን የፌርፋክስ ጅረት ታሪክ ብትሰሙ ደግሞ ትስቃላችሁ። የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 “የዚህ ጅረት ችግር የጎርፉ ብዛት ስለሆነ ወደ አኮቲንክ የሚገባው የዝናብ ውኃ መጠን ይወሰን” አለ። የስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤትና ፌርፋክስ ካውንቲ ሆነው ከሰሱት። ጃንዋሪ 2013 የፌደራል ዳኛው ለከሳሾች ፈረደ፦ ሕጉ ለበካይ ነገር ጣሪያ እንድታወጣ ይፈቅድልሃል፤ ደለል በካይ ነው፣ የዝናብ ውኃ ግን በካይ አይደለም፤ ውኃውን የደለል ምትክ አድርገህ ልትወስን አትችልም። ካውንቲው ወጪው በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል ይል ነበር። በሕግ ረገድ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጓሮ ላለው ሰው ግን መልሱ ምን እንደሚመስል ይገባኛል።

ሆኖም አንድ ነገር ጨምሬ ልሂድ። ከላይ አስፋልት ካለ ከታች ያለው ዛፍ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ዳሩን የያዘው እሱ ብቻ ነው።

ላውደን ነኝ

ከናንተ መንገድ ተሻግሬ ነኝ። እኛ ካውንቲ በ1988ቱ ሕግ የግዴታ ዝርዝር ውስጥ የለም። በ2010 አካባቢ የካውንቲው ምክር ቤት በፈቃዱ ሊቀበለው ፈልጎ ነበር። ገበሬው፣ ፈረስ አርቢው፣ ቤት ሠሪው ሁሉ ወጣ። ትዝ የሚለኝ የጎረቤቴ የሣር ሜዳ ላይ የተተከለው የተቃውሞ ምልክት ነው። በመጨረሻ ሳያጸድቁት ቀረ። ጅረቱ ግን ያው ፖቶማክ ወንዝ ነው የሚገባው። ድንበር የሚያውቀው ሰው ነው።

አንቀጽ በአንቀጽ

ጠበቃ አይደለሁም፣ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው። “ንብረት ያለ ካሳ አይወሰድም” የሚለውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ ይዞ ለመሄድ ያሰበ ካለ ይቺን ያንብብ።

ስለ ጅረት ዳር በጣም የሚጠቀሰው የዶላን ጉዳይ ነው፣ ታይጋርድ ከተማ፣ ኦሪገን፣ 1994። ዶላን የቧንቧ ዕቃ ሱቋን ልታሰፋ ፈቃድ ጠየቀች። ሱቁ ያለው ፋኖ ክሪክ ዳር ነው። ከተማው “የጎርፍ ሜዳውን መሬት ለሕዝብ ስጪ፣ ከጎኑም ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ 15 ጫማ ጨምሪ” አላት፤ በድምሩ ከመሬቷ አንድ አሥረኛ ያህል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ለእርሷ ፈረደ፦ የምትጠይቁት ነገር ግንባታው ከሚያመጣው ጉዳት ጋር የተመጣጠነ መሆኑን አሳዩ አላቸው። የንብረት መብት ወገን ይሄንን ፍርድ እንደ ታቦት ያወጣዋል። ግን በደንብ አንብቡት። ፍርድ ቤቱን ያስቆጣው “አትገንቢ” መባሏ አይደለም፤ መሬቱን ለሕዝብ አስረክቢ መባሏ ነው። የአንተን ጓሮ ማንም ሽርሽር አይሄድበትም፤ ስለዚህ ዶላን ብዙም አይረዳህም።

የሉካስ ደግሞ አለ፣ 1992፣ ሳውዝ ካሮላይና። በ975,000 ዶላር ሁለት ባዶ የባሕር ዳር ቦታ ገዛ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕግ ወጥቶ ምንም እንዳትሠራ ተባለ። አሸነፈ፤ ምክንያቱም መሬቱ ሙሉ በሙሉ ዋጋ አጥቷል ተብሏል። ቆይቶ ስቴቱ ቦታዎቹን ከገዛው በኋላ ምን አደረገ መሰላችሁ? ለግንባታ ሸጣቸው። አንተ ግን ቤት አለህ፣ ትኖርበታለህ። በ2017 በመር ጉዳይ ደግሞ ዊስኮንሲን ውስጥ ወንዝ ዳር ለነበራቸው ወንድምና እህቶች ፍርድ ቤቱ የነገራቸው ንብረቱ ባንድ ላይ እንደሚታይ ነው፤ የተከለከለችውን ቁራጭ ነጥሎ “ዋጋዋ ዜሮ ሆነ” ማለት አያዋጣም። አንድ ላይ ሲታይ ያንተ 112 ጫማ ነው፣ ከነቤቱ።

እና ፍርድ ቤቱን እርሳው። ካውንቲው ጋ ተደራደር።

የቀበና ልጅ

ከአዲስ አበባ ነኝ። አንብቤ አንብቤ አላስችል አለኝ።

እናንተ ስለ 100 ጫማ ጓሮ ትከራከራላችሁ። እዚህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አንተ ያለህ ይዞታ ነው። ለልማት ስትነሳ ካሳው የሚሰላው ለቤቱ፣ ለአጥሩ፣ ለዛፉ ነው፤ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን ማስዋብ ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ይለማል ተባለ፣ 29 ቢሊዮን ብር። ቆንጆ ሆኗል፣ አልዋሽም፤ ልጆቼን እወስዳለሁ። ወንዙ ዳር ስንት ዓመት ጉልት ትሸጥ የነበረችውን ሴትዮ ግን አሁን የት እንዳለች አላውቅም።

በሌላ በኩል ደግሞ ማንም ሳይከለክል ሲቀር ምን እንደሚመጣ አባ ሳሙኤልን ሄዳችሁ እዩ። ያ ግድብ ለከተማችን መብራት ይሰጥ ነበር። አቃቂ ያወረደለት ደለል ሞላውና ለብዙ ዓመታት ሥራ አቆመ። ልጅ ሆነን ቀበና እንዋኝ ነበር ስላቸው ልጆቼ ይስቁብኛል።

ትርፍ ቤት

የኔ ልጅ፣ ቀበና እኔም ዋኝቻለሁ። ድልድዩ ሥር።

ክላርክስተን

አትላንታ አካባቢ ያላችሁ፦ ስቴቱ 25 ጫማ ነው የሚለው፤ የሚለካውም ውኃው ሣሩን ነቅሎ ከሚያቆምበት መስመር ነው። በዚያ ላይ አካባቢያችን 50 ጫማ ያልተነካ፣ ተጨማሪ 25 ጫማ ደግሞ ኮንክሪትና አስፋልት የማይገባበት ይላል። ጎጆ የምታስቡ ሜትር ያዙ።

የቁልቁሏ

ባለጓሮው፣ ተረትህን ሁለት ቀን ሳስበው ቆየሁ። ልክ ነህ፣ ጅቡ ከላይ ነው። ግን አህያዋም እኮ ከእርሷ በታች የሚጠጣ አላት። ወረቀት ሊልክልህ የሚገባውን ሰው ዝርዝር ብናወጣ እኔ ሦስተኛ ወይ አራተኛ እሆናለሁ እንጂ ከዝርዝሩ አልወጣም።

ደግሞ ገበያ ማዕከሉን ለብቻህ አትጩህበት። የካውንቲው ቦርድ ስብሰባ ሲኖር ንገረኝ፤ ሦስት ደቂቃ መናገር ይፈቀዳል፤ የመሶቡን ፎቶ ይዤ እመጣለሁ።

ባለጓሮው

(ከሁለት ወር ተኩል በኋላ)

ለጠየቃችሁኝ። ባለሙያ ቀጠርኩ። ጅረቷ በኦገስት ድርቅ ሳይቀር ታንጠባጥባለች፤ ዓመቱን ሙሉ የምትፈስ ናት ተባለ። እዚያ ላይ ተሸነፍኩ። ነገር ግን መስመሩ መሬት ላይ ሲለካ ካርታው ላይ ከተሳለው 11 ጫማ ወደ ውኃው ገፋ። ስለዚህ የእኔ የምላት 23 ጫማ ሆነች። ለባለሙያው የከፈልኩት ለኮንክሪቱ ካወጣሁት ይበልጣል፤ ባለቤቴ ይሄንን ሒሳብ በየእራቱ ታስታውሰኛለች።

ኮንክሪቱን ሰብረን አወጣን። ለአምስቱ ዛፎች የተክል ፕላን አስገብቼ ጸደቀ። የሣሩ ቦታ ከድሮም ሣር ስለነበር እንዳለ ይቀጥላል። ጎጆዋ ቀርታ ከቤቱ ጋር የተያያዘች በረንዳ እጠይቃለሁ፣ መሐንዲሱ እንዳለው።

አሁንም ትክክል ነው አልልም። እኔ ዛፍ እየተከልኩ ያ ቱቦ ዛሬም ይወረውራል። ለቦርዱ ስብሰባ ስማችንን አስመዝግቤያለሁ፤ እታለም፣ ቀኑን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ጋሼ ትርፍ ቤት፣ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ከመሐንዲሱ ጋር ጎን ለጎን እንዳላስቀምጣችሁ ቃል እገባለሁ።

ትርፍ ቤት

እመጣለሁ። ጎኑ ብታስቀምጠኝም ግድ የለም፤ የ2003ቱን ነገር ገና አልጨረስኩለትም።

ዝምተኛው

ጌሾውስ?

ባለጓሮው

ወደ 23ቷ ጫማ አዛወርኳቸው። አንዱ ደረቀ። ሁለቱ ይዘዋል፤ የሚፈተኑት በቨርጂኒያ የበረዶ ክረምት ነው።